ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፦ የተማሪውን የመስክ ጉዞ ማን ይክፈል?

ደብረ ብርሃን አጠገብ የሚያልፈው በረሳ ወደ ጀማ ይወርዳል፤ ጀማ ከዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይገባል። ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአንኮበር ገደል ላይ የሚዘንበው ዝናብ ግን ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ወርዶ ወደ አዋሽ ያቀናል። አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ ይቀራል። ይህን የውኃ መለያ ከዳገቱ ጫፍ ቆሞ ላየ ልጅ የጂኦግራፊ መምህሩ ብዙ መድከም አይኖርበትም። ችግሩ ብዙዎቹ የአካባቢው ተማሪዎች ስምጥ ሸለቆን የሚያውቁት በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ መሆኑ ነው፤ ሸለቆው ራሱ ደግሞ በመኪና የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው።

ለትምህርት እንዲህ የተመቸ መሬት በሀገራችን ብዙ የለም። ደጋው የቆመበት ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ነው። ከዳገቱ ግርጌ ጀምሮ መሬቱ ተሰንጥቆ ዝቅ ብሏል። በገደሉ ወገብ ላይ ወፍ ዋሻ አለ፦ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ አንድ ላይ የሚታዩበት፣ በሀገሪቱ ከቀሩት ጥንታዊ የደጋ ደኖች አንዱ። በቃል ሲወርድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው፣ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚህ በመጣ ዘር ነው። የአንኮበር ሴሪን የምትባለው ትንሽ ቡናማ ወፍ ለሳይንስ የታወቀችው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አትገኝም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ውል የተፈራረሙትም፣ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሆነው የተቀመጡትም በዚሁ አካባቢ ነው። ባዮሎጂ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ በአንድ ቀን ጉዞ ይገናኛሉ።

መሬቱ የማን ነው ቢባል መልሱ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ የተማሪው መግባት ልመና ሊሆን አይገባም። ነገር ግን «የሕዝብ» ሲባል ባለቤት የሌለው ማለት እንዳልሆነ መንዝ በደንብ ያስተምራል። በመንዝ ያለውን የጓሳ ሜዳ የአካባቢው ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆታል። ሣሩ ለጣሪያ ክዳን፣ ለገመድና ለከብት ስለሚፈለግ፣ ሜዳው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በውሳኔ ይከፈት ነበር፤ ያለፈቃድ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከመጣ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ። ኋላ ላይ ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞ ጓሳ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም የተረፉት በዚህ ነው። ወደዚያ ተማሪ የሚወስድ ሁሉ መጀመሪያ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ማነጋገር አለበት። ለእኔ እንዲያውም የጉዞው ትልቁ ትምህርት እነሱን መስማት ነው፤ የጋራ ሀብትን መጠበቅ ከዚህ የተሻለ የሥነ ዜጋ ምሳሌ የለውም።

ታዲያ ለምን አይሄዱም? ብዙ ጊዜ የመግቢያ ክፍያ ይነሣል። በእኔ ግምት ዋናው እንቅፋት እሱ አይደለም፤ በብሔራዊ ፓርኮቻችንም ቢሆን ኢትዮጵያዊ የሚከፍለው ከውጭ ጎብኚ እጅግ ያነሰ ነው። ገንዘቡ የሚያልቀው በአውቶቡስ ኪራይ፣ በነዳጅና በምሳ ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ትምህርትን እስከ 10ኛ ክፍል በነጻ አድርጎ ነበር፤ ነጻነቱ ግን የትምህርት ቤቱን አጥር አልተሻገረም። ጉዞ ሲኖር ለወላጅ የሚላከው ወረቀት መዋጮ ይጠይቃል። ከፋዩ ይሄዳል፣ ያልቻለው ቤት ይቀራል። የግል ትምህርት ቤት ወጪውን በወላጅ ላይ አስልቶ ሊጨርስ ይችላል፤ የገበሬ ልጆች የሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ይህን መንገድ ከተከተለ የሚለየው ድሃውን ነው።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ ሲላክ ቆይቷል። ርእሰ መምህሩና የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ተቀምጠው ሲያቅዱ ግን ጠመኔው፣ ወንበሩና የሚያፈሰው ጣሪያ ይቀድማሉ። ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም። በእኔ እምነት የጉዞ ገንዘብ ከጣሪያ ጋር እንዳይሻማ ለብቻው መመደብ ያለበት ለዚህ ነው።

ተማሪን ወደ ተፈጥሮ የማውጣት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ክበባትን ሲደግፍ ኖሯል። ኬንያ ውስጥ ተማሪዎች ራሳቸው በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የጀመሩት የዱር እንስሳት ክበብ አገር አቀፍ ድርጅት ሆኗል። አሜሪካ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ከነቤተሰባቸው የፌዴራል ፓርኮችን በር በነጻ ከፍታለች። የአሜሪካው መንገድ ለእኛ ግማሽ መልስ ነው፤ በሩ ቢከፈትም አውቶቡስ የሌለው ልጅ በሩ ዘንድ አይደርስም።

ተቃውሞዎቹም ቀላል አይደሉም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ባሽቆለቆለበት ጊዜ አንድ የትምህርት ቀን ለጉዞ መስጠት ቅንጦት የሚመስላቸው መምህራን አሉ። አንኮበር ገደል ነው፤ ልጅ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? የትራንስፖርቱ፣ የወላጅ ፈቃዱና የመጀመሪያ ርዳታው ኃላፊነት በጽሑፍ ካልተለየ ሸክሙ በአንድ መምህር ትከሻ ላይ ይወድቃል። ብዙ መምህራን ጉዞን የሚሸሹት በስንፍና ሳይሆን በዚህ ፍርሃት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገዱም አያስተማምንም። ክፍሉ ላልተከፈተለት ልጅ የሚቀድመው ክፍሉ ነው፤ ሰላም ባልሰፈነበት መንገድ ላይም ማንም ተማሪ ሊጫን አይገባም።

እስከዚያው መሥራት የሚቻለው ዝግጅቱ ነው። የዞኑ ትምህርት መምሪያ፣ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቱና የደን ባለቤት የሆነው አካል አንድ የጋራ መመሪያ ቢያወጡ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ትምህርት ጋር የተያያዘ የመስክ መልመጃ ቢያዘጋጅ፣ የአንኮበርና የመንዝ ወጣቶች በአስጎብኚነት ቢሠለጥኑ፣ መንገዱ ሲከፈት የሚጎድለው ነዳጅ ብቻ ይሆናል። ወቅቱም ታውቆ ያደረ ነው፦ ክረምት ጉሙ ገደሉን ይሸፍነዋል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ግን ሰማዩ ጠርቶ ከአንኮበር ጫፍ ቆላው ይታያል፣ ሴሚስተሩም ገና ፈተና ላይ አልደረሰም።