ምጽዋ፦ የትንሿ ደሴት ወደብ እና የእኛ ታሪክ

እዚህ ረሆቮት፣ ቅርያት ሞሼ ሰፈር ያሉ ወላጆቻችን ስለ ጉዟቸው ሲያወሩ በብዛት የሚነሱት ሱዳን፣ አዲስ አበባና አውሮፕላን ናቸው። ከአውሮፕላን ዘመን በፊት ግን ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ የሚያስብ ሰው ባሕር መሻገር ነበረበት። ከሰሜን ኢትዮጵያ ወደ ባሕር የምታወጣው ዋና በር ደግሞ ምጽዋ ነበረች። የባሕር በር ክርክር ዛሬ በየቤታችን ስለሚነሳ፣ ይህች ወደብ እንዴት ትሠራ እንደነበር ብናውቅ ይጠቅመናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሮጌዋ ምጽዋ ርዝመቷ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ደሴት ላይ ናት። ለመርከብ የተመቸችበት ምክንያት ሁለት ነው፦ ውሃው እስከ ዳርቻዋ ድረስ ጥልቅ ነው፤ በዙሪያዋ ያለው መሬትም ማዕበሉን ይከላከልላታል። የጎደላት የሚጠጣ ውሃ ነበር። በ1870ዎቹ፣ በግብፆች ዘመን፣ ከጎረቤቷ ከጥዋለት ደሴት፣ ከዚያም ከየብሱ ጋር በባሕሩ ላይ በተደለደለ መንገድ ተገናኘች። ውሃም ከየብሱ በቦይ መጣላት።

ከጎንደርና ከትግራይ የሚነሱ ነጋዴዎች ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰምና ዝባድ ይዘው ይወርዱ ነበር። ሰዎችም በባርነት ተሸጠው በዚሁ በር ወጥተዋል። ወደ ደጋው የሚወጣው ጨርቅና ጠመንጃ ነበር። ቀረጡን የሚሰበስበው ግን ደሴቲቱን የያዘው ነው፦ ከ1557 ጀምሮ ኦቶማን ቱርኮች፣ ኋላም ግብፆች። በጁን 1884 ዓጼ ዮሐንስ 4ኛ በዓድዋ ከእንግሊዞች ጋር ተዋዋሉ፤ ዕቃቸው፣ መሣሪያም ጭምር፣ በምጽዋ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተስማሙ። ስምንት ወር እንዳለፈ፣ በፌብሩዋሪ 1885፣ ጣልያን ምጽዋን ያዘች። ውሉም ወረቀት ብቻ ሆኖ ቀረ።

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካል። በ1862 በአባ መሓሪ የተመሩ ቤተ እስራኤላውያን ቀይ ባሕርን ተሻግረው ኢየሩሳሌም ለመግባት በእግራቸው ተነሡ። ብዙዎቹ ትግራይ ውስጥ በረሃብና በበሽታ አለቁ፤ ባሕሩ ጋ አልደረሱም። ከአምስት ዓመት በኋላ ዮሴፍ ሃሌቪ ከፓሪስ ተልኮ በምጽዋ በኩል ወደ ወገኖቻችን መጣ። በ1904 ደግሞ ዣክ ፋይትሎቪች በዚያው በር ገባ። ሲመለስ ታምራት አማኑኤልንና ጌቴ ኤርምያስን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ወሰዳቸው። ሁለቱ እንግዶች የሚልካቸው ወገንና የመርከብ ዋጋ ነበራቸው። ከቀያቸው በእግር የወጡት ግን ከእምነታቸው በቀር ምንም አልነበራቸውም።

ጣልያኖች ከምጽዋ እስከ አስመራ የዘረጉት የባቡር ሐዲድ በ1911 ተጠናቀቀ። በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሐድ ምጽዋ የኢትዮጵያ ወደብ፣ ኋላም የባሕር ኃይሏ ሰፈር ሆነች። በፌብሩዋሪ 1990 ሻዕቢያ ያዛት፤ በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። በ1998 ጦርነቱ ሲነሳ የኢትዮጵያ ዕቃ በዚያ ማለፉ ቆመ። ዛሬ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል።

እንግዲህ ስለ ወደብ ሲወራ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ወደቡ ውሃውን ከየት ያገኛል? ከኋላው ምን መንገድ አለ? በሩን የያዘውስ ማነው? ጥልቅ ባሕር ተፈጥሮ ይሰጣል፤ መንገድና ቦይ ሰው ይሠራል። ማን ገብቶ ማን እንደሚቀር የሚወስነው ግን በሩን የያዘው ነው። ስለ አባ መሓሪ ጉዞ ከአያቶቻቸው የሰሙ ወላጆች ካሉን፣ ሳይረሳ ከአሁኑ እንጠይቃቸውና እንጻፈው።