ወደ ተራራ አደን የሚሄድ ሰው ጓዙን እንዴት ማሰናዳት ይገባዋል?

(በሬድዮ የተነገረ)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አደን ጓዝ ነው። አደን ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ጠመንጃው ይሮጣል። ነገር ግን ከከተማ ተነሥቶ ወደ ደጋው ተራራ ለሚወጣ ሰው፣ በተለይም የወንበርና የጠረጴዛ ሥራ ለለመደው ለመንግሥት ሠራተኛ፣ ሕይወቱን የሚጠብቅለት ጠመንጃው ሳይሆን ጓዙ ነው። ጓዙም ቢሆን የሚጠቅመው እያንዳንዱ ዕቃ በተገቢው ስፍራ የተቀመጠ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ከደረሰው ነውና ከዚያው እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሬድዮ ዝግጅት ድምፅ ለመቅዳት፣ የአደን ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ተከትዬ ወደ አርሲ ተራሮች ወጥቼ ነበር። ጧት ስንነሣ ሰማዩ የጠራ ነበር። ከቀኑ በ10 ሰዓት ግድም ግን ጉም ወረደና አሥር እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው የማይታይ ሆነ። ጭነቱን የያዙት በቅሎዎች ከነነጂዎቻቸው በሌላ ሸንተረር አለፉ። ከእኔና ከአንድ ባልደረባዬ ጋራ የቀረው የድምፅ መቅጃው መሣሪያና የለበስነው ጋቢ ብቻ ነበር። ክብሪቱ፣ የዝናብ ልብሱ፣ የሱፍ ሹራቡ፣ በሶው፣ ሁሉም በሥርዓት ታስሮ በበቅሎ ላይ ነበር። ለጉዞው የተዘጋጀው ጓዝ አንዳች አልጎደለውም፤ ጥፋቱ በሚያስፈልግበት ሰዓት ከእኛ ዘንድ አለመኖሩ ነው። ጋቢያችን በጉሙ ርሶ ከበደ። ነጂዎቹ ጩኸታችንን ሰምተው ያገኙን ከምሽቱ በ3 ሰዓት ሲሆን፣ የባልደረባዬ እጅ ደንዝዞ የሻይ ኩባያ ለመያዝ አልቻለም። ከነጂዎቹ መካከል ሽማግሌው እሳቱን እየቆሰቆሱ፣ «ልጄ፤ በቅሎ የራሷ መንገድ አላት። ነፍስህን የምታቆይበትን ነገር ለእርሷ አታሸክማት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጓዜን በሦስት ከፍዬ አሰናዳለሁ። አንደኛው ከገላ የማይለይ፣ ሁለተኛው በትከሻ የሚያዝ፣ ሦስተኛው በበቅሎ የሚጫን ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ግን የአገሩን ጠባይ እንመልከት።

በአገራችን ከሚታደኑት ታላላቅ የዱር እንስሳት አንዱ የደጋ አጋዘን ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። የሚኖረውም ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች፣ ይልቁንም በአርሲና በባሌ፣ በአስታና በኮሶ ደን ውስጥ ነው። የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ለውጭ አገር የሳይንስ ሊቃውንት የታወቀው ግን ሻለቃ አይቮር ባክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 ካገኙት በኋላ ነው። ሪቻርድ ላይዴከርም እ.ኤ.አ. በ1910 ሳይንሳዊ ስም ሰጥተውታል። ይህን ያህል ግዙፍ እንስሳ እስከዚያ ዘመን ድረስ ከሊቃውንት ዓይን ተሰውሮ መቆየቱ፣ ተራራው፣ ደኑና ጉሙ ምን ያህል ሰዋሪ እንደ ሆኑ ያስረዳል። አጋዘኑን የሰወረ ጉም አዳኙንም ይሰውራል።

ዛሬ ይህ እንስሳ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው አንዱ ነው። ስለዚህ ከጓዝ ሁሉ የሚቀድመው የመንግሥት ፈቃድ ወረቀት ነው። ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው፤ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ማደንም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ፈቃዱን በውሃ በማይበሰብስ ላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪስ መያዝ ይገባል።

ቀጥሎ ብርዱን እናስብ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ሙቀት በያንዳንዱ 1 ሺህ ሜትር በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ 1,300 ሜትር ከፍ ብሎ የሚሰፍር ሰው ከከተማው ከ8 ዲግሪ በላይ የሚቀዘቅዝ አየር ያገኘዋል ማለት ነው። በበጋ ወራት ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ውሃ እስኪረጋ ድረስ ይቀዘቅዛል። እዚህ ላይ ስለ ጋቢ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ጋቢ በደረቅ ምሽት፣ በድንኳን ውስጥ፣ መልካም ልብስ ነው። ነገር ግን ጥጥ ስለ ሆነ ውሃ ይጠጣል፤ የረጠበ ጥጥም የገላን ሙቀት እየሳበ ያወጣል። የበግ ጠጕር ግን ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። አባቶቻችን ለደጋ በርኖስና ባና የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ክፍፍሉ እንመለስ። ከገላ የማይለየው ጓዝ በኪስና በመታጠቂያ የሚያዝ ነው። እርሱም በላስቲክ የተጠቀለለ ክብሪት፣ ሰንጢ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ አንድ እፍኝ ቆሎና የፈቃዱ ወረቀት ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሚነፋ ፊሽካ በብዙ አገር የድረሱልኝ ምልክት ነው፤ ከሰው ጩኸትም ይልቅ ሩቅ ይሰማል፣ ጉሮሮም አያደክምም። የእጅ ስልክ የያዘ ሰው በእርሱ ብቻ አይመካ። በብዙው ሸንተረር መስመር አይገኝም፤ ብርድም ባትሪውን ቶሎ ያዳክመዋል። ስለዚህ በውስጥ ኪስ፣ ከገላ አስጠግቶ መያዝ ነው።

በትከሻ የሚያዘው አንድ ሰው ያለ ድንኳን አንዲት ሌሊት የሚያድርበት ነው። የዝናብ ልብስ፣ የሱፍ ሹራብ፣ ደረቅ ካልሲ፣ ውሃ፣ የአንድ ቀን ስንቅ፣ የቁስል መጠቅለያና ጥቂት ገመድ ይበቃል። ከ10 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ምክንያቱም በቀጭን አየር ውስጥ ዳገት ለሚወጣ ሰው ትርፉ ኪሎ ሁሉ ትንፋሽ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ተጨማሪ ዳገት አይውጣ፤ ካልተሻለውም ወደ ታች ይውረድ።

በበቅሎ የሚጫነው የቀረው ሁሉ ነው። የጭነት እንስሳ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ቢሸከም ይበቃዋል። 250 ኪሎ የምትመዝን በቅሎ 50 ኪሎ ተሸከመች ማለት ነው። የግራና የቀኝ ጭነት በሚዛን ይመዘን፤ ባይተካከል ኮርቻው እየተንሸራተተ ጀርባዋን ይልጠዋል። ጀርባዋ የተላጠ በቅሎ ጭነቱን አትሸከምም፤ በመካከለኛው መንገድ ላይ መላው ጓድ ይቆማል። ከባዱ ዕቃ ወደ ታችና ወደ ገላዋ ቀረብ ይበል። እሰፈር ሲደረስ አስቀድሞ የሚፈለገው ድንኳን በመጨረሻ ይጫን።

ስለ ስንቅም እናስብ። በ4 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ድፍን ባቄላና ሽምብራ እሳት ላይ ሲንተከተኩ ቢያመሹም ቶሎ አይበስሉም፤ ነዳጁም ያልቃል። በሶ፣ ጭኮ፣ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ግን ለእንዲህ ያለው ስፍራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ለማብሰያ የቡታጋዝ ምድጃ መያዝ ይገባል። አስታ በቀላሉ የሚቀጣጠል ዛፍ ስለ ሆነ፣ በቸልታ የተተወ ፍም ተራራውን ሙሉ ሊያቃጥል ይችላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ የመልሱን ጭነት ነው። የወንዱ የደጋ አጋዘን ክብደት እስከ 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ሥጋው፣ ቆዳውና ቀንዱ ሲደመር ከአንዲት በቅሎ ጭነት በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ስንሄድ ባዶ በቅሎ ማስከተል፣ የተሳለ ቢላዋ፣ ለቆዳው በቂ ጨው፣ ለሥጋውም አየር የሚያስገባ ንጹሕ የአቡጀዲ ከረጢት መያዝ ያስፈልጋል። ቆዳው ቶሎ ተገፎ፣ ሥጋው በጥላ ተሰቅሎ ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ሥጋ በላስቲክ ታፍኖ ቢጫን ይበላሻል። ብርቅ የሆነን እንስሳ ገድሎ ሥጋውን ማበላሸት ግን ከአዳኝ ሰው የማይጠበቅ ነውር ነው።

በመጨረሻም፣ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የምናውቀውን ሥራ ለራሳችን ጥቅም እናውለው። በየመሥሪያ ቤታችን ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። የአደን ጓዝም እንዲሁ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት በወለል ላይ ተዘርግቶ፣ በዝርዝር ተጽፎ፣ በሦስቱ ክፍል ይመደብ። በያንዳንዱም ዕቃ አንጻር አንድ ጥያቄ ይጻፍ፤ «በቅሎዋ ዛሬ ማታ ባትመጣ፣ ይህ ያስፈልገኛልን?» መልሱ «አዎን» የሆነው ሁሉ ከበቅሎዋ ይውረድና ወደ ትከሻ ወይም ወደ ኪስ ይግባ። አዲስ ጫማ የገዛም ሰው አስቀድሞ በእንጦጦ ዳገት ይሞክረው።

መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው። እኔም ዛሬ ተራራ ስወጣ የድምፅ መቅጃውን በበቅሎ እጭናለሁ፤ ክብሪቱ ግን ከደረት ኪሴ አይወጣም።