ተገጣጣሚ ቤትና መጋጠሚያው

«ተገጣጣሚ ቤት» ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው የቆርቆሮ ጊዜያዊ መጠለያ ነው። እዚህ የምናወሳው ግን ዓምዱ፣ ወለሉና ግድግዳው ከብረትና ከአርማታ በፋብሪካ ተመርቶ፣ በግንባታው ሥፍራ በክሬን እየተነሣ የሚገጣጠመውን ቋሚ ሕንጻ ነው።

ጥቅሙን ለመረዳት የሲሚንቶን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለሚደርቅ ሳይሆን ከውኃ ጋር በኬሚካዊ ሂደት ስለሚዋሐድ ነው። ሠራተኞች አዲስ ወለል ላይ በየዕለቱ ውኃ የሚያፈስሱትም ስለዚህ ነው። የአርማታ ጥንካሬ በተለምዶ የሚመዘነው በ28ኛው ቀን ቢሆንም፣ ሙቀት ሂደቱን ያፋጥነዋልና በፋብሪካ በእንፋሎት የታጠነ አካል በማግስቱ ከብረት ቅርጹ ሊወጣ ይችላል። ቅርጹም ወዲያው ለሌላ ሙሌት ይውላል። ክረምቱ ቢበረታ ምርቱ አይቆምም፤ የሲሚንቶውና የውኃው ልክም በአካፋ በግምት አይሰፈርም።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም? አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1968 ለንደን ውስጥ ሮናን ፖይንት በተባለ ባለ 22 ፎቅ ተገጣጣሚ ሕንጻ የጋዝ ፍንዳታ አንድ ግድግዳ ገፍቶ ጣለ። ወለሎቹ በላይ በላዩ ወርደው የሕንጻው ማዕዘን ሲናድ አራት ሰዎች ሞቱ። የጎደለው የግድግዳዎቹ ጥንካሬ ሳይሆን እርስ በርስ የተያያዙበት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1988 በአርመንያ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነገሩን ይበልጥ ያብራራል። በሌኒናካን፣ በዛሬዋ ጉምሪ፣ ከተገጣጣሚ ዓምድና አግዳሚ የተሠሩት ሕንጻዎች አብዛኞቹ ሲፈርሱ፣ በዚያችው ከተማ ከትልልቅ የግድግዳ ገበታዎች የተሠሩት ቆመው ቀሩ። ሁለቱም የፋብሪካ ውጤቶች ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ኃይሉ በጥቂት መጋጠሚያዎች ላይ ሲከማች፣ በሁለተኞቹ በረዣዥም ግድግዳዎች ተሠራጨ።

የዩጎዝላቪያው መሐንዲስ ብራንኮ ዤዤል በ1950ዎቹ ያወጣው ዘዴ ደግሞ ዓምድና ወለልን በተወጠረ የብረት ገመድ ያጣብቃል፤ ወለሉን ተሸክሞ የሚይዘው በመካከላቸው ያለው ሰበቃ ነው። ግሩም ብልሃት ነው! ኢትዮጵያም ከተጠቀሙበት አገሮች አንዷ ናት።

ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

ሁለተኛው እንቅፋት ገበያ ነው። ትእዛዝ ሲቋረጥ የፋብሪካው ወጪ አብሮ አይቋረጥም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ አስቀድመው የተመረቱ አግዳሚዎች በወለሉ ውስጥ ገብተዋል፤ ዓምዱ ግን እዚያው ተሞልቷል። በጸሐፊው እምነት፣ ተመሳሳይ ቤቶችን በብዛት የሚያሠራ አካል ለዓመታት የሚዘልቅ ትእዛዝ ቢሰጥ ቀሪው እርምጃ ሩቅ አይሆንም። በውሉ ላይ ግን አንድ አንቀጽ ሊጨመር ይገባል፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በአርማታ ከመደፈኑ በፊት ተቆጣጣሪው በዓይኑ አይቶ ይፈርም። ከተደፈነ በኋላ ብረቱ መኖሩን ማንም አያይም።