መድኃኒት ሰውነትን ሲያስቈጣ

አንድ መድኃኒት ሺህ ሰው ፈውሶ አንዱን ሊያስቈጣ ይችላል። ይኸውም የዚያ ሰው ሰውነት መድኃኒቱን እንደ ጠላት ቈጥሮ ከመጠን ያለፈ መከላከል ስለሚያደርግ ነው። ይህን መቈጣት ሐኪሞች አለርጂ ይሉታል፤ ስሙንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ያወጣው የቪዬናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው።

ከአለርጂ ሁሉ የሚያስፈራው አናፊላክሲስ የተባለው ነው። መርፌ ከተወጉ፣ መድኃኒት ከዋጡ ወይም ንብ ከነደፈ በኋላ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነሣል። ገላ በሽፍታ ይሞላል፤ ከንፈርና ምላስ ያብጣል፤ ትንፋሽ ሲር ሲር እያለ ያጥራል፤ የልብ ምት ይፈጥናል፤ የደም ግፊት ይወርዳል። ሽፍታው ሳይታይ ትንፋሽ የሚያጥርበት ጊዜም አለ።

እንግዲህ የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐ ቤቴን አገር እናስብ። በመሐል ሜዳና በዓለም ከተማ ሆስፒታል አለ፤ ነገር ግን ከገደል ሥርና ከጀማ ሸለቆ ለሚነሣ በሽተኛ መንገዱ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። በደቂቃ የሚገድል ሕመም በሰዓት የሚደረስበትን ሐኪም አይጠብቅም። ስለዚህ መርፌውን የወጋው ሠራተኛ ራሱ አዳኝ መሆን አለበት።

በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ለገጠር ሕዝብ አሠልጥኗል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ክትባትን እስከ ቀበሌ አድርሷል። መርፌ የሚይዝ እጅ ሲበዛ ስለ አለርጂ የሚሰጠው ትምህርት አብሮ ሊደርስ ይገባል። ትምህርቱም ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ፈጥኖ መርዳት ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት አድሬናሊን ሲሆን፣ በጭን መካከል በውጭው ጎን ጡንቻ ውስጥ ይወጋል፤ ለዐዋቂ ግማሽ ሚሊ ግራም፣ ለሕፃን በክብደቱ ልክ ነው። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። በሽተኛው እግሩ ከፍ ብሎ ይተኛል፤ ትንፋሽ ካጠረው ይቀመጣል፤ በድንገት ግን አይነሣም። የማሳከክ መድኃኒትና ሃይድሮኮርቲዞን አድሬናሊንን አይተኩም፤ እነርሱን ሲፈልጉ ጊዜ ማጥፋት ነፍስ ያስጠፋል።

ሁለተኛው መለየት ነው። መርፌ ፈርቶ የወደቀ ሰው ፊቱ ይገረጣል፤ የልቡ ምት ይዘገያል፤ ሲያስተኙትም ወዲያው ይነቃል። ይህ አለርጂ አይደለም። የሆድ መታወክም ብቻውን አለርጂ አያሰኝም። ጥናት በተደረገባቸው አገሮች ፔኒሲሊን አይስማማንም ከሚሉ 10 ሰዎች 9ኙ ያህል ሲመረመሩ ይስማማቸዋል።

ሦስተኛው ያለ ልክ አለመፍራት ነው። የጉሮሮ ቁስል ልባቸውን የጎዳባቸው ልጆች ሕመሙ እንዳይመለስባቸው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ያስፈልጋቸዋል። ከመርፌው በኋላ በደረሰ ሞት ምክንያት በአገራችን መርፌውን መስጠት የሚፈሩ የጤና ሠራተኞች አሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ባወጣው ምክር፣ እንዲህ ካለው ሞት ብዙው ልባቸው እጅግ በተጎዳ ሕሙማን ላይ የደረሰና ከአለርጂ ይልቅ ከልብ ድካም የመጣ ሊሆን እንደሚችል አስታውቆ፣ ለእነዚህ የሚዋጥ መድኃኒት እንዲታሰብ መክሯል። ፍርሃት ለሁሉም መርፌውን ቢከለክል ግን የሚድነው ልጅ ልቡ እየተበላሸ ይቀራል።

መምህራንና የከተማ ነዋሪዎችም ድርሻ አላችሁ። መድኃኒት ያስቈጣው ሰው የመድኃኒቱን ስም፣ የታየበትን ምልክትና ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደ ጀመረው በካርዱ ላይ ያስጽፍ፤ ከመወጋቱም በፊት ይናገር። ፔኒሲሊን የተወጋ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ከጤና ጣቢያው አይራቅ። መምህሩም እንዲህ ያለ ተማሪ እንዳለው ይወቅ፤ ወላጆቹንም ይጠይቅ። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «አድሬናሊን በቅርብ አለን?» ብላችሁ መጠየቅን ድፍረት አታድርጉት፤ ጥያቄው ሠራተኛውንም ሕዝቡንም ይጠቅማልና ልታዘወትሩት ይገባል ብለን እናሳስባለን።