ቦይለር፦ የታመቀ ውሃ

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ወደ ጋፋት ያቀርባል፤ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ስፍራ ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1866 በሚሲዮናዊው ፍላድ በኩል ከእንግሊዝ ካስጠየቋቸው ዕቃዎች አንዱ ለማቅለጫው የሚሆን አነስተኛ የእንፋሎት ሞተር ነበር። ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ስላልተፈቱ የተላከው ዕቃ ከምጽዋ አላለፈም። የእንፋሎት ሞተርን ቦይለር ግን እንግሊዞቹ ራሳቸው ገና በቅጡ አልገሩትም ነበር።

ቦይለር ዝግ የብረት ጋን ነው፤ እሳት ይነድበታል፣ ውሃ ይፈላበታል። አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ሲያልቅ 1600 ሊትር ገደማ ቦታ ይሻል፤ ቦታ ሲያጣ ይገፋል። ቶማስ ኒውኮመን እ.ኤ.አ. በ1712 ከከሰል ጉድጓድ ውሃ ማውጣት ሲጀምር የጋኑ ግፊት ደካማ ነበር። ኋላ ላይ ጉልበት ተፈለገና ግፊቱ ጨመረ።

እ.ኤ.አ. በ1815 በሰሜን እንግሊዝ፣ በኒውቦትል የከሰል ማዕድን፣ ዊሊያም ብራንተን የፈጠረውን ጉደኛ ማሽን ለማየት ሰው ተሰበሰበ። ማሽኑ ከኋላው መሬት እየረገጡ የሚገፉት ሁለት የብረት እግሮች ነበሩት! ቦይለሩ ፈነዳና ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ።

በማዕድኖቹ አካባቢ ጋኑን የሚጎዳው ብዙ ነበር። የጉድጓዱ ውሃ አሲድ ያለበት ስለሆነ ብረቱን ይበላዋል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ያለ ዝቃጭም ከውስጥ ይለጠፋል፤ ያኔ ሙቀቱ ወደ ውሃው ስለማያልፍ ብረቱ ግሎ ይለሰልሳል። ውሃው ሲጎድልም እንደዚያው ነው። ለጉልበት የቸኮለ ሠራተኛ ደግሞ የእንፋሎት ማስተንፈሻው ላይ ተጨማሪ ክብደት ይጭናል፤ ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ጋኑ ሲቀደድ በግፊት ታፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ የጋለው ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ ያን ያህል የሚያጠፋውም ለዚህ ነው።

ወረታ ባለችበት በፎገራ ይህን ማንሳቴ እዚያ በሚመረተው ሩዝ ምክንያት ነው። በደቡብ እስያ ብዙ ሩዝ ሲፈለፈል እንዳይሰባበር አስቀድሞ ከነገለፈቱ በእንፋሎት ይቀቀላል፤ ቦይለሩን የሚያነደውም ብዙ ጊዜ ያው ገለፈት ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ዲናጅፑር በሚባል አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2017 የአንድ ሩዝ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ ከ10 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ወረታም ገለፈት አይቸግራትም። ቦይለር ለመትከል የሚያስብ ባለፋብሪካ ከዋጋው በፊት የውሃውን ልክ የሚያሳየውን መስታወትና ማስተንፈሻውን ይመልከት፤ ጋኑ ቀዝቅዞ፣ ተከፍቶና ቅርፊቱ ተፍቆ የሚመረመርበትን ጊዜም ከሻጩ ጋር በጽሑፍ ይያዝ።