የማንፈልጋቸው ቡችሎች ከየት ይመጣሉ?



«የተራበ ሰው እያለ ስለ ውሻና ድመት ማሰብ ለምን አስፈለገ?» ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ማለዳ በአዲስ አበባ የቆሻሻ ገንዳዎች አጠገብ ስናልፍ እናገኘዋለን። ጎኑ የገባ ውሻ፣ ዓይኑ ሳይገለጥ በካርቶን የተጣለ ቡችላ፣ ውሻ ፈርቶ መንገድ የሚለውጥ ተማሪ እናያለን።

ከእነዚህ ውሾች ብዙዎቹ መነሻቸው የእኛው ግቢ ነው። ሴት ውሻ ገና በስድስት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው። ድመት ደግሞ ከዚያም ትቀድማለች። ጎረቤት ለጥበቃ ብሎ ወንዱን ቡችላ ይወስዳል፤ ሴቶቹ ይጣላሉ። ከተጣሉት መካከል በሕይወት የተረፈችው በመንገድ ላይ ትወልዳለች። ችግሩም እንዲህ እየተባዛ ይሄዳል።

ጉዳቱ በእንስሳቱ ላይ ብቻ አይቀርም። የእብድ ውሻ በሽታ ሰውን የሚይዘው ከመቶ 99 ያህሉ በውሻ አማካይነት ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

ውሾችን በመርዝ መግደል በብዙ ከተሞች ተሞክሯል። ነገር ግን ቆሻሻውና ፍርፋሪው እስካለ ድረስ የሞቱትን ቦታ ሌሎች ይይዙታል።

የተሻለው መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ገበሬው በሬውን ያኮላሻል፤ ለበዓልም ሙክት እንገዛለን። ለውሻና ለድመት ግን ሥራው የእንስሳት ሐኪም ነው። ሐኪሙ ማደንዘዣ ሰጥቶ የወንዱን ቆለጥ ያወጣል፤ ከሴቷም እንቁላል የሚያመነጨውን ክፍል፣ ብዙ ጊዜም ከማኅፀኗ ጋር ያወጣል። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ገደማ ይድናል።

በሕንድ አገር በጃይፑር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 የመንገድ ውሾችን እያመከኑና እየከተቡ ወደነበሩበት መመለስ ተጀመረ። በስምንት ዓመት ውስጥ የውሾቹ ቁጥር ከሩብ በላይ ቀነሰ።

«የተኮላሸ ውሻ አይጠብቅም» የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ግቢውን የሚጠብቀው በባሕርዩና በአስተዳደጉ ነው። እንዲያውም ሴት ፍለጋ መዞሩና ከሌሎች ጋር መናከሱ ስለሚቀንስ በቤቱ ይውላል።

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ ውሻ ወይም ድመት ያላችሁ ሁሉ ሐኪም አማክሩ፤ በየዓመቱም አስከትቡ። ሴት ቡችላ ስትወለድ አትጣሏት፤ አሳድጓት፣ አስመክኗትም። አንዲት ውሻ ዛሬ ብትመክን፣ ነገ በካርቶን የሚጣሉ ብዙ ቡችሎች አይኖሩም፤ ልጆቻችንም ያለ ፍርሃት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።