ሌባው ይያዛል ወይስ ያመልጣል? የሆንግ ኮንግ የወንጀል ፊልሞች በፌስቲቫል ለምን ይፈለጋሉ?

ሁለት ጓደኛሞች አንድ ፊልም ለየብቻ አይተው ስለ አጨራረሱ ቢያወሩ ላይግባቡ ይችላሉ። አንዱ «ወንጀለኛው አመለጠ» ይላል፣ ሌላው «ኧረ ተይዟል!» ይላል። ፊልሙ በ2002 የወጣው የሆንግ ኮንጉ «ኢንፈርናል አፌርስ» ከሆነ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ምክንያቱም ፊልሙ ሁለት መጨረሻ አለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ሁለት ሆነ? ዛሬ ማብራራት የፈለግነው ይህንኑ ነው። በየዓመቱ በአውሮፓ ፌስቲቫሎች የካንቶንኛ የወንጀልና የድራማ ፊልሞች ሲታዩ ብዙ ሰው «ያው ተኩስ ነው» ብሎ ያልፋቸዋል። ነገሩ ግን ከተኩሱ ጀርባ ነው።

መጀመሪያ ታሪኩን በአጭሩ እንንገራችሁ። መጨረሻውንም ስለምንናገር፣ ፊልሙን ለማየት ያሰባችሁ እዚህ ላይ ብታቆሙ አንቀየምም። አንድ ፖሊስ ማንነቱን ደብቆ ለዓመታት በማፊያ ቡድን ውስጥ ይኖራል። ያው ቡድን ደግሞ በበኩሉ በወጣትነቱ የመለመለውን ሰው ፖሊስ ኮሌጅ አስገብቶ፣ ማዕረግ እስኪይዝ ጠብቆታል። ሁለቱም ወገኖች «በመካከላችን ሰላይ አለ» ብለው ይነቃሉ። ከዚያ ሁለቱ ሰላዮች እርስ በርስ መፈላለግ ይጀምራሉ። ፖሊሱን ቶኒ ሊዩንግ፣ የማፊያውን ሰው አንዲ ላው ይጫወቱታል።

በሆንግ ኮንግ ሲኒማ የታየው መጨረሻ እንዲህ ነው፤ እውነተኛው ፖሊስ ሊፍት ውስጥ በጥይት ይሞታል። ሰላዩ ግን ከሊፍቱ ወጥቶ መታወቂያውን ያሳያል፣ ፖሊስ ነኝ ይላል፣ በቃ ፖሊስ ሆኖ ይቀጥላል። ለዋናው ቻይናና ለማሌዥያ ገበያ በተዘጋጀው ቅጂ ግን ሊፍቱ ሲከፈት ውጭ የቆሙት ፖሊሶች መረጃ እንዳገኙበት ነግረውት ይዘውት ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ነገር ግን ያቺ ደቂቃ ፊልሙን ሌላ ፊልም ታደርገዋለች።

ምክንያቱም የፊልሙ የካንቶንኛ ርዕስ በቡድሂዝም ትምህርት ውስጥ ያለውን የመጨረሻውን ሲኦል ይጠራል። ስቃዩ ለአፍታ እንኳ የማያቋርጥበት፣ ሞቶ ማረፍ የሌለበት ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ ያ ሰው ሳይያዝ መቅረቱ ማምለጥ አይደለም፤ ቅጣቱ እሱ ራሱ ነው። ዕድሜ ልኩን ባልሆነው ሰው ስም መኖር። እጁ ላይ ካቴና ሲገባ እኮ ተገላገለ! ወንጀለኛው እንዲቀጣ ተብሎ የተጨመረው ትዕይንት ቅጣቱን አነሳለት ብንል ማጋነን አይመስለንም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መባል አለበት። አሜሪካዊው ማርቲን ስኮርሴዚ ይህንኑ ታሪክ በ2006 «ዘ ዲፓርትድ» ብሎ እንደገና ሠራው፣ ምርጥ ፊልምን ጨምሮ አራት ኦስካር ወሰደ። በእሱም ፊልም ሰላዩ በመጨረሻ ይገደላል። ማንም ሳንሱር አላስገደደውም። ተመልካች ሌባው ሲቀጣ ማየት ይወዳል፣ ይህ የቤጂንግ ብቻ ጠባይ አይደለም። (በዚያው የኦስካር ምሽት አስተዋዋቂው የመነሻውን ፊልም «የጃፓን ፊልም» ብሎት ነበር። ሆንግ ኮንጎች እስካሁን የሚያነሱት ነው።) ልዩነቱ ስኮርሴዚ ፈልጎ ማድረጉ ነው።

ታዲያ በቻይና ለምን አስፈለገ? በዋናው ቻይና ፊልም በዕድሜ አይመደብም። «ከ18 ዓመት በላይ» የሚባል ነገር የለም። አንድ ፊልም ወይ ለሁሉም ያልፋል፣ ወይ ለማንም አያልፍም። ፖሊስ ሆኖ የቀረ ማፊያ ደግሞ ለሁሉም የሚያልፍ ታሪክ አይደለም። ሆንግ ኮንግ ግን ከ1988 ጀምሮ የዕድሜ ምደባ አላት፤ ሦስተኛው ምድብ ለአዋቂዎች ብቻ ነው። ዳይሬክተሮቹ ጨለማውን ታሪክ የሚተርኩት በዚያ ክፍተት ነበር።

ክፍተቱን ያጠበበው መጀመሪያ ገንዘብ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ በዓመት 200 እና ከዚያ በላይ ፊልም ታመርት ነበር። ለአንዲት ከተማ ይህ ጉድ የሚያሰኝ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቪዲዮ ቤት ዘመን «የቻይና ፊልም» ብለን ከብሩስ ሊ እስከ ጃኪ ቻን ያየነው አብዛኛው ከዚያች ከተማ የመጣ ነበር። ከዚያ ምርቱ እያሽቆለቆለ ወደ 50 አካባቢ ወረደ። በ2003 ከዋናው ቻይና ጋር የንግድ ስምምነት ተፈረመ፣ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ። በስምምነቱ መሠረት የሆንግ ኮንግ ፊልሞች በውጭ ፊልሞች ላይ ከተጣለው ኮታ ነፃ ሆኑ፤ በጋራ የተሠራ ፊልም ደግሞ እንደ አገር ውስጥ ምርት መቆጠር ጀመረ። ከ7 ሚሊዮን ሰው ገበያ ወደ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው ገበያ! ማን እምቢ ይላል? ዋጋው ግን የስክሪፕት ፈቃድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ቋንቋው ነው።

ስለ ቋንቋው ትንሽ እንበል። ካንቶንኛና ማንዳሪን ሲነገሩ የማይግባቡ ናቸው። ካንቶንኛ ስድስት የድምፅ ከፍታዎች አሉት። «ሲ» የምትለው አንዲት ድምፅ እንደ ዜማዋ ግጥም፣ ታሪክ፣ ሙከራ፣ ጊዜ፣ ገበያ ወይም ጉዳይ ልትሆን ትችላለች። እኛ «ገና» የሚለውን ስናጠብቀው በዓል፣ ስናላላው «እስካሁን» እንደሚሆንብን ማለት ነው፤ እነሱ ጋ ግን ጨዋታው በሙሉ በዚህ ነው የሚሄደው። የመንገድ ቀልዱ፣ ስድቡ፣ የወሮበላው አነጋገር እዚያ ውስጥ ነው። በማንዳሪን ድምፅ ሲተካ ታሪኩ ይቀራል፣ ሰውየው ግን የሌላ ሰፈር ሰው ይሆናል።

ይህን ሁሉ በፊልሞቹ ውስጥ ከማንም በላይ ያሳየን ጆኒ ቶ ነው ብለን እናምናለን። በ2005 «ኢሌክሽን» የተባለው ፊልሙ ካን ላይ ለውድድር ቀረበ። ታሪኩ አንድ የማፊያ ማኅበር በየሁለት ዓመቱ ሊቀመንበሩን ስለሚመርጥበት ሂደት ነው። የወንጀል ፊልም ሆኖ አንድም የሽጉጥ ተኩስ የለበትም፤ ድንጋይ፣ ዱላና ቆንጨራ ብቻ። ሁለተኛው ክፍል በ2006 ሲመጣ ነገሩ ይከርራል። በዋናው ቻይና ሰላማዊ ነጋዴ መሆን የሚፈልገው ጂሚ ሊቀመንበርነቱን የሚይዘው ለዚያ ንግድ ሲል ነው። መጨረሻ ላይ የቻይና የፀጥታ ሹም ይመጣና ከእንግዲህ ምርጫ እንደማይኖር፣ ወንበሩ ከእሱ ወደ ልጁ እንደሚተላለፍ ያረዳዋል። ለመረጋጋት ሲባል! ያኔ የሆንግ ኮንግ መሪ የሚመረጠው 800 አባላት ባሉት ኮሚቴ እንደነበር ለሚያውቅ ተመልካች ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ቶ ራሱ በ2012 ወደ ዋናው ቻይና ገብቶ፣ በአብዛኛው በማንዳሪን «ድራግ ዋር» የተባለ ፊልም ሠራና ሮም ፌስቲቫል ላይ አቀረበው። ሕጉን አክብሯል፤ ወንጀለኛው ይያዛል፣ የሞት ፍርዱም ይፈጸምበታል። አከባበሩን ግን ተመልከቱ! የፖሊሱ አዛዥ በጥይት ተመትቶ እየሞተ የራሱን እጅ ከወንጀለኛው እግር ጋር በካቴና ያስራል። ሌላኛው ደግሞ መርፌው እየተወጋ እንኳ ስም እየጠራ ሰው ማጋለጡን አያቆምም። የተፈቀደው መጨረሻ ነው፣ ነገር ግን ማንም ተደስቶ ከሲኒማ አይወጣም።

ይህ እስከ 2012 ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ከመጨረሻው ትዕይንት አልፎ ፊልሙ ራሱ ይታያል ወይስ አይታይም ወደሚለው ሄደ። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የፊሊፕ ዩንግ «ዌር ዘ ዊንድ ብሎውስ» ነው። ታሪኩ በቅኝ ግዛት ዘመን ስለነበሩ ሙሰኛ የፖሊስ ሹማምንት ነው፤ ጉቦ በየሳምንቱ እንደ ደመወዝ ይከፋፈልበት ስለነበረ ዘመን። ይህ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በ1973 ፒተር ጎድበር የተባለ እንግሊዛዊ ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን ከ4 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ሀብት ይዞ መገኘቱ ሲመረመር ወደ ብሪታንያ አመለጠ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በ1974 ራሱን የቻለ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ጎድበርም በ1975 ተመልሶ ተፈረደበት። ፊልሙ በሚያዝያ 2021 የሆንግ ኮንግ ዓለም አቀፍ ፊልም ፌስቲቫል ከመክፈቻ ፊልሞቹ አንዱ እንዲሆን ተይዞ ነበር። ሊታይ ጥቂት ሲቀረው «በቴክኒክ ምክንያት» ተነሳ። በ2019 የዣንግ ዪሞ «ዋን ሰከንድ» ከበርሊን ፌስቲቫል ሲነሳም የተሰጠው ምክንያት ያው ነበር። የዩንግ ፊልም ሲኒማ የገባው በየካቲት 2023 ነው።

በዚያው 2021 ጥቅምት ላይ የሆንግ ኮንግ የፊልም ምርመራ ሕግ ተሻሻለ። መርማሪዎች ፊልምን ከብሔራዊ ደኅንነት አንፃር እንዲመዝኑ ሆነ፤ ቀድሞ የተሰጠ ፈቃድም ሊሰረዝ ይችላል። ያልተፈቀደ ፊልም ያሳየ ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስርና እስከ 1 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል። ፌስቲቫልም ከዚህ ውጭ አይደለም።

ውጤቱ ምን ሆነ? እኛ እንደምናየው ወንጀሉ ወደ ድሮ ዘመን ሸሸ። በግንቦት 2024 ካን ላይ በእኩለ ሌሊት ፕሮግራም የታየው የሶይ ቼንግ «ትዋይላይት ኦፍ ዘ ዋሪየርስ» የ1980ዎቹን «ኮውሉን ዎልድ ሲቲ» በስቱዲዮ መልሶ የገነባ ፊልም ነው። ቦታው ከአራት የእግር ኳስ ሜዳ በማይበልጥ መሬት 33 ሺህ ያህል ሰው ተደራርቦ የኖረበት ሰፈር ነበር፤ ፈርሶ ዛሬ መናፈሻ ሆኗል። ፊልሙ ከ100 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ አስገባ፣ በዋናው ቻይናም ታየ። ድብድቡ ግሩም ነው፣ እንወደዋለን። ነገር ግን የፈረሰ ሰፈር ማንንም አይከስም። «ኢሌክሽን» ስለዛሬው ይናገር ነበር።

ለዚህ ነው ከአገር ውጭ ያሉ ፌስቲቫሎች የሚፈለጉት። ከ1999 ጀምሮ በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን ኡዲኔ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚካሄደው የሩቅ ምሥራቅ ፊልም ፌስቲቫል ለዚህ ይጠቀሳል። ዋናውን ሽልማት የሚሰጡት ዳኞች ሳይሆኑ ተመልካቾች ናቸው። ፊልሞቹ በገዛ ቋንቋቸው፣ ከታች ትርጉም ተጽፎላቸው ይታያሉ። ካንቶንኛው ካንቶንኛ ሆኖ ይሰማል።

ድራማዎቹን ሳናነሳ ብናልፍ ግፍ ይሆንብናል። በ2011 ቬኒስ ላይ የአን ሁይ «ኤ ሲምፕል ላይፍ» ታየ። አንድን ቤተሰብ ለ60 ዓመት ያገለገለች የቤት ሠራተኛ ስትሮክ ይመታትና፣ ያሳደገችው ልጅ በተራው ያስታምማታል። ዲኒ ዪፕ በዚህ ሥራዋ የቬኒስን የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወሰደች። ልጁን የሚጫወተው ማን መሰላችሁ? ያው ከሊፍቱ የወጣው አንዲ ላው። በ«ኢንፈርናል አፌርስ» የፖሊሱ አለቃ የነበረው አንተኒ ዎንግ ደግሞ በ2014 የተማሪዎቹን ተቃውሞ ከደገፈ በኋላ የዋናው ቻይና ገንዘብ ያለበት ሥራ ራቀው። በ2018 በኦሊቨር ቻን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም «ስቲል ሂዩማን» ላይ ያለ ክፍያ ሠራ። አካሉ የማይንቀሳቀስ ሰው ነው፤ የምትንከባከበው ፊሊፒናዊት ሠራተኛ ናት፣ መጀመሪያ ላይ በቋንቋ እንኳ አይግባቡም። እህት ወይም አክስት ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት ያላት አንባቢ ይህን ፊልም በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

ከየት እንጀምር ለምትሉን፣ በ«ኢንፈርናል አፌርስ» ጀምሩ፣ ከዚያ ሁለቱን «ኢሌክሽን» በተከታታይ እዩ። ድምፁ ካንቶንኛ መሆኑን አረጋግጡ። ሊፍቱ ሲከፈት ፖሊሶቹ መረጃ አግኝተንብሃል ካሉት፣ የያዛችሁት ሌላኛውን ቅጂ ነው።